ዳኛውና ቅጂው፦ የሚና ጨዋታ ከኅትመት ወደ ኮምፒዩተር ያደረገው ጉዞ

የሚና ጨዋታ ለመምህራን እንግዳ ነገር አይደለም። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ከሚሰጡት የማስተማሪያ ዘዴዎች አንዱ ተማሪዎች የገበሬውን፣ የነጋዴውን ወይም የሽማግሌውን ቦታ ይዘው አንድን ችግር በንግግርና በድርጊት እንዲመረምሩ ማድረግ ነው። ከትምህርት ቤት በፊትም ቢሆን ሕፃናት በየመንደሩ ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ እናትና አባት፣ ሌባና ፖሊስ ሲጫወቱ አሳዳጅና ተሳዳጅ ይሆናሉ። በዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ዘወትር የሚነሣ አንድ ጠብ አለ፤ ይኸውም «መትቼሃለሁ»፣ «አልመታኸኝም» የሚለው ነው። ጠቡን የሚቈርጥ ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት በአጠገብ ከሌለ ጨዋታው ይፈርሳል። በአሜሪካ ከ1974 ጀምሮ በመጽሐፍ ታትሞ የተሸጠው የገበታ ላይ የሚና ጨዋታ ለዚህ ጠብ መፍትሔ ያገኘለት ሁለት ነገሮችን በማጣመር ነበር። አንደኛው የታተመ ደንብ ሲሆን ሁለተኛው ደንቡን የሚተረጕም ዳኛ ነው።

ይህ ጨዋታ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ተሸጋግሯል። ጉዳዩ ለመዝናኛ ነጋዴዎች ብቻ የሚተው መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ የመማሪያ መጻሕፍትን ከኅትመት ወደ ኤሌክትሮኒክ ቅርጽ ለማዛወር የሚያቅድ ሁሉ የሚገጥሙት ጥያቄዎች አሉ፤ መጽሐፉ በማን እጅ ይቀራል? ማንስ ያርመዋል? በክፍል ውስጥ ያለው ሰው ከተጻፈው ውጭ የመወሰን ሥልጣን ይኖረዋልን? እነዚህን ጥያቄዎች የጨዋታው ተጫዋቾችና አሳታሚዎች በገንዘባቸውና በክርክራቸው አስቀድመው ፈትነዋቸዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የደንብና የዳኝነት አመጣጥ

ጨዋታው የተወለደው ከወታደር ቤት ነው። በ1824 ጌኦርግ ፎን ራይስቪትዝ የተባለ የፕሩሲያ መኰንን፣ የጦር መሪዎች በካርታ ላይ አመራርን እንዲለማመዱ የሚያስችል ደንብ አሳተመ። ተፋላሚዎቹ ወገኖች ትእዛዛቸውን ለዳኛ ይሰጣሉ፤ ዳኛውም ዳይስ የሚባሉትን ቁጥር የተጻፈባቸው የዕጣ መጣያዎች ጥሎ፣ ሰንጠረዥ ተመልክቶ ውጤቱን ይነግራቸዋል። ዘዴው በጦሩ ዘንድ ተቀባይነትን ቢያገኝም ሰንጠረዡ ሥራውን የሚያጓትት ሆኖ ተገኘ። በመሆኑም በ1876 ዩልዩስ ፎን ፌርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለው መኰንን ሰንጠረዡ ተትቶ ልምድ ያለው ዳኛ በራሱ ግምት ይፍረድ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ደንብ ይበልጣል ወይስ ዳኛ የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ አልተዘጋም።

ክርክሩ ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ ሲደርስ ያረፈው በ1880 በታተመው የቻርልስ ቶተን ስትራቴጎስ በተባለ የጦር ማሠልጠኛ መጽሐፍ ላይ ነው። ከዘጠና ዓመት ገደማ በኋላ የሚኒሶታው ዴቪድ ዌስሊ የዳኛውን ሰፊ ሥልጣን ከዚህ መጽሐፍ ወስዶ በ1969 ብራውንስታይን የተባለ ጨዋታ አዘጋጀ። በዚህ ጨዋታ ተሳታፊዎቹ የጦር አዛዦች ብቻ ሳይሆኑ የከተማ ከንቲባና የዩኒቨርስቲ አስተዳዳሪም ይሆኑ ነበር። ከተሳታፊዎቹ አንዱ የነበረው ዴቭ አርነሰን ሐሳቡን ወደ ተረት ዓለም ወስዶ ብላክሙር የሚባል ምናባዊ ሀገር ፈጠረ። በዊስኮንሲን ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ይኖር የነበረው ጋሪ ጋይጋክስም ከአርነሰን ጋር ተባብሮ ደንቡን በጽሑፍ አሰናዳ። ጋይጋክስ ከልጅነት ጓደኛው ከዶን ኬይ ጋር በ1973 ባቋቋመው ቲ.ኤስ.አር. በተባለ ድርጅት አማካይነት ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ1974 መጀመሪያ ታተመ። ስያሜው የምድር ቤት ወኅኒዎችና ዘንዶዎች እንደማለት ነው። በአንድ ሣጥን ውስጥ ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት ነበሩ፤ ዋጋው 10 ዶላር፣ የመጀመሪያው እትም ብዛት 1000 ቅጂ ነበር። ይህም አንድ ዓመት ሳይሞላው ተሸጦ አለቀ።

ሦስቱ መጻሕፍት በአጻጻፋቸው ለአስተማሪ የሚያስመሰግኑ አልነበሩም። ቅደም ተከተላቸው የተዛባ፣ ብዙ ቃላቸው ሳይፈታ የቀረ፣ አንባቢው ሌላ የጦር ጨዋታ መጽሐፍ በእጁ እንዳለ አድርገው የሚገምቱ ነበሩ። ነገር ግን ከዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው አንድ ነገር አለ። ደንቡ ጐደሎ በመሆኑ እያንዳንዱ ዳኛ ክፍተቱን በራሱ ግምት መሙላት ነበረበት። አንድ ተጫዋች የተቈለፈ የዋሻ በር ቢገጥመውና «ከገበያ የገዛሁትን በርበሬ በበሩ ሥር አጨሳለሁ፤ ዘበኛው እያሳለ ይከፍተዋል» ቢል በርበሬ በየትኛውም ሰንጠረዥ ውስጥ አይገኝም። ዳኛው ጥቂት አስቦ፣ ዘበኛው የመክፈቱን ዕድል ገምቶ፣ ዳይስ እንዲጣል ያዝዛል። ከከተማ ከተማ፣ ከኮሌጅ ኮሌጅ የተለያየ አጨዋወት የተፈጠረውም በዚህ ምክንያት ነው። መጽሐፉን መግዛት ያልቻሉ ተማሪዎች በፎቶ ኮፒ እያባዙ ያሰራጩት ነበር፤ ዳኞችም የየራሳቸውን ደንብ በኅዳጉ ላይ ይጽፉ ነበር።

ጋይጋክስ ይህን ልዩነት በበጎ ዓይን አልተመለከተውም። ከ1977 እስከ 1979 ተከታትለው የወጡት ሦስት ትልልቅ ጥራዞች ደንቡን አስፋፍተው በየቦታው አንድ ወጥ ለማድረግ የታሰቡ ነበሩ። ሙከራው በከፊል ብቻ ሠመረ፤ ዳኞቹ ጥራዞቹን ገዝተው በጠረጴዛቸው ላይ ካስቀመጡ በኋላ የፈለጉትን እያነሡ የቀረውን ይተዉት ነበር። የታተመ መጽሐፍ ይህን ሊከለክል አይችልም።

የማስተማሪያው ኮምፒዩተርና የተሰረዘው ጨዋታ

ወደ ኮምፒዩተር የተደረገው የመጀመሪያ ሽግግር በትምህርት ተቋም ውስጥ መፈጸሙ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ልዩ ትርጕም ሳይኖረው አይቀርም። የኢሊኖይ ዩኒቨርስቲ ከ1960 ጀምሮ በዶናልድ ቢትዘር መሪነት ፕላቶ የተባለ የማስተማሪያ ኮምፒዩተር ሥርዓት ሲገነባ ቆይቷል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከአንድ ማዕከላዊ ኮምፒዩተር ጋር በሽቦ የተያያዙ፣ በየትምህርት ቤቱና በየኮሌጁ የተተከሉ በመቶዎች የሚቈጠሩ መማሪያ ገበታዎች ነበሩት። እያንዳንዱ የተጻፈ ፕሮግራም በሥርዓቱ ቋንቋ «ትምህርት» ይባል ነበር፤ ለትምህርት የሚመደበው የማከማቻ ቦታም ውስን ነበር።

በ1975 ረስቲ ራዘርፎርድ የተባለ ፕሮግራም ጸሐፊ ለሌላ ሥራ በተመደበ ቦታ፣ ፔዲት 5 በሚል ስም የዋሻ ጨዋታ ጽፎ አስቀመጠ። ስሙ ለአስተዳዳሪዎቹ ተራ የሥራ ፋይል ይመስል ነበር። ተማሪዎቹ ግን ወዲያው አገኙት። አስተዳዳሪዎቹ ሲደርሱበት ሰረዙት፤ ተመልሶ ገባ፤ እንደገና ተሰረዘ። በዚያው ዓመት በሳውዘርን ኢሊኖይ ዩኒቨርስቲ ጋሪ ዊዘንሀንትና ሬይ ውድ የተባሉ ተማሪዎች ሌላ ተመሳሳይ ጨዋታ ጀመሩ፤ ስሙም ዲ.ኤን.ዲ. ነበር። አስተዳዳሪዎቹን በጠባብነት መውቀስ አይገባም፤ ውድ የሆነው ማሽን የተገዛው ለማስተማር ነበርና። ሆኖም ተማሪዎቹ ማንም ሳያዝዛቸው የኮምፒዩተር ቋንቋ የተማሩት በእነዚህ በሚሰረዙ ፋይሎች ላይ መሆኑ በኋላ ከፕላቶ ትውልድ የወጡት የፕሮግራም ጸሐፊዎች ብዛት ይመሰክራል።

ማሽኑ ከገበታው ጨዋታ የወሰደው ምን ነበር? ሰንጠረዡን፣ ዳይሱንና ካርታውን ወሰደ። ይህ ለማሽን የሚቀል ሥራ ነው፤ ለሰው ዳኛ ግን አሰልቺው ክፍል ነበር። ዳኛውን ግን አልወሰደም። በፔዲት 5 ዋሻ ውስጥ በርበሬ የሚያጨስ የለም፤ ጸሐፊው ያላሰበውን ነገር ተጫዋቹ ሊያደርገው አይችልምና። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በማሳቹሴትስ ይሠራ የነበረው ዊል ክራውዘር፣ ራሱ የገበታው ጨዋታ ተሳታፊና የዋሻ ተመራማሪ እንደመሆኑ፣ በኬንታኪ የሚያውቀውን ዋሻ መሠረት አድርጎ በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ ጨዋታ ለሴት ልጆቹ አዘጋጀ። በ1977 የስታንፎርዱ ዶን ውድስ አስፋፋው። ተጫዋቹ በአንድ ወይም በሁለት ቃል ትእዛዝ ይጽፋል፤ ማሽኑም ይመልሳል። ይህ ንግግር ይመስላል። ነገር ግን ቃሉ በመዝገቡ ውስጥ ከሌለ ማሽኑ አልገባኝም ብሎ ይመልሳል እንጂ እንደ ዳኛ «እስቲ እንሞክረው» አይልም። በ1978 በእንግሊዝ ኤሴክስ ዩኒቨርስቲ ሮይ ትራብሾና ሪቻርድ ባርትል የጀመሩት መድ የተባለው ጨዋታ ብዙ ሰዎችን በአንድ ምናባዊ ዓለም ውስጥ በአንድ ጊዜ አገናኘ፤ ስለዚህ የተጫዋቾች ማኅበር ተመለሰ። ዳኝነቱ ግን አሁንም የፕሮግራሙ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በሰፊው የታወቀ ነው። በ1981 ዊዛርድሪና ኡልቲማ ለግል ኮምፒዩተር ተሸጡ፤ እነርሱን አርአያ ያደረገው የጃፓኑ ድራገን ኩዌስት በ1986 ወጣ፤ የኮምፒዩተር የሚና ጨዋታ ራሱን የቻለ ታላቅ ኢንዱስትሪ ሆነ። ከዚህ በመነሣት ማሽኑ መጽሐፉን ገደለው ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። የታተመው ደንብና ጠረጴዛው በጎን መኖራቸውን ቀጠሉ። አሳታሚው ቲ.ኤስ.አር. በ1997 ለዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተሸጠው በዕዳ ተጨናንቆ፣ ያልተሸጡ መጻሕፍት ተመልሰውበት ሳለ ነው፤ ገዢው ድርጅትም ገንዘቡን ያገኘው በወረቀት ላይ ከሚታተም የካርታ ጨዋታ ነበር። በ1999 ሀዝብሮ የተባለው የመጫወቻ አምራች ሁሉንም ጠቀለለ።

ደንቡ ከመጽሐፉ ሲለይ

ሁለተኛው ሽግግር የተለየ ባሕርይ ነበረው። በ2000 ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት አዲስ እትም ሲያወጣ የደንቡን መሠረታዊ ጽሑፍ በኤሌክትሮኒክ ፋይል ለቆ፣ ማንም ሰው ከዚሁ ተነሥቶ መጽሐፍ እንዲጽፍና እንዲሸጥ ያለክፍያ የሚፈቅድ ሰነድ አብሮ አወጣ። የደንቡ ጽሑፍ ከታተመው ጥራዝ ተለይቶ በራሱ የሚንቀሳቀስ ነገር ሆነ። ወዲያውም በኢንተርኔት ፒዲኤፍ የተባለውን የመጽሐፍ ፋይል የሚሸጡ መደብሮች ተከፈቱ፤ አርፒጂናው በ2001፣ ድራይቭስሩ አርፒጂ በ2004 ሥራ ጀመሩ። መጋዘንና ማተሚያ ቤት የሌለው ደራሲ መጽሐፉን ለዓለም ማቅረብ ቻለ። ከገበያ የጠፉ የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ መጻሕፍትም በጥቂት ዶላር ተመልሰው ተገኙ። ለደሀ አንባቢ ከዚህ የሚበልጥ አገልግሎት ማሰብ ያዳግታል።

በሚያዝያ 2009 ግን ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ያለፈቃድ መባዛትን ምክንያት አድርጎ የፒዲኤፍ መጻሕፍቱን ሽያጭ በሙሉ በድንገት አቆመ። ማስጠንቀቂያው የሰዓታት ያህል ብቻ ነበር። የቆዩት መጻሕፍት ከሕጋዊ ገበያ ጠፍተው የተመለሱት በ2013 ነው። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ በ1979 የታተመውን ጥራዝ በመደርደሪያው ላይ ያስቀመጠ ሰው ምንም አልጐደለበትም፤ ፋይሉን ከሻጩ ዘንድ በኋላ አገኘዋለሁ ብሎ የተወ ገዢ ግን የገዛው ነገር መጽሐፍ ነው ወይስ የመግቢያ ፈቃድ ብሎ ራሱን ለመጠየቅ ተገደደ።

ለኢትዮጵያ መምህር ይህ ልዩነት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ታላቅ ወንድም የተማረበትን መጽሐፍ ታናሽ ይወርሰዋል፤ ሽፋኑ ቢገነጠል በካርቶን ይለበዳል፤ አንዱን ቅጂ ሦስት ተማሪዎች በአንድ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ያነቡታል። ይህን ሁሉ ለማድረግ የአሳታሚውን ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። በፋይል ግን መዋስም፣ መውረስም፣ ለጎረቤት ማካፈልም አስቀድሞ በውል ካልተጻፈ አይገኝም። ዕቅድ አውጪው በዋጋ ንጽጽሩ ላይ የኅትመትንና የመጓጓዣን ወጪ ሲቀንስ ይህንን በየትኛው ዓምድ እንደሚያስገባው አስቀድሞ መወሰን አለበት።

የዳኛው መመለስ

ይህ በእንዲህ እንዳለ ሌላ ለውጥ በጎን እያደገ ነበር። በ2004 የወጣው ፋንተሲ ግራውንድስ የተባለ ፕሮግራም በተለያየ ከተማ ያሉ ተጫዋቾችን በአንድ ምናባዊ ጠረጴዛ ዙሪያ አሰባሰበ፤ ካርታው በሁሉም ገጽ ላይ ይታያል፣ ዳይሱ በሁሉም ፊት ይጣላል፣ ዳኛው ግን ሰው ነው። በ2012 ሮል20 የተባለው ተከተለ፤ ይህም ልዩ ፕሮግራም መጫን ሳያስፈልግ በኢንተርኔት ገጽ ላይ የሚሠራ በመሆኑ በብዛት ተሰራጨ። በፕላቶ ዘመን የጠፋው ዳኛ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በማሽኑ ውስጥ ተመልሶ ተቀመጠ ማለት ነው። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ቤት በተዘጋበት ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ትምህርታቸውን በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዲከታተሉ ሲደረግ፣ በሌላው ዓለም የሚና ጨዋታ ማኅበራት ወደዚህ ምናባዊ ጠረጴዛ ተሰደዱ።

መመለሱ ግን ያለ ዋጋ አልሆነም። ማሽኑ ሒሳቡን ሁሉ ስለሚሠራ ተጫዋቹ ደንቡን ሳያውቀው ለዓመታት መጫወት ይችላል፤ ሒሳብ በማስያ ብቻ የተማረ ልጅ የሚገጥመው ይህንኑ ነው። ካርታው በቀለም ተሥሎ ስለሚቀርብም በሥዕሉ ላይ የሌለ ነገር እንደሌለ ይቈጠራል። በቃል ብቻ የተገለጸ ክፍል ውስጥ መስኮት አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ በተሣለ ክፍል ውስጥ ግን ጥያቄው አይነሣም።

ቅጂው በማን እጅ ነው?

በ2017 ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ የተባለ አገልግሎት ተከፈተ። ተጫዋቹ መጻሕፍቱን በዚያ ገዝቶ በዚያው ያነባቸዋል፤ የገጸ ባሕርይውም መዝገብ በዚያው ይቀመጣል። ሀዝብሮ ይህን አገልግሎት በ2022 በ146.3 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ዋጋው የሚያሳየው ንግዱ መጽሐፍን ከመሸጥ አንባቢን ይዞ ወደ ማቆየት መዞሩን ነው።

በጥር 2023 የ2000ው ፈቃድ ሊሻር መሆኑን የሚገልጽ ረቂቅ አፈትልኮ ወጣ። በረቂቁ መሠረት ዓመታዊ ገቢያቸው ከ750,000 ዶላር የሚያልፍ አሳታሚዎች ከትርፍ ገቢያቸው ድርሻ ይከፍሉ ነበር። ለሃያ ሁለት ዓመታት በፈቃዱ ተማምነው ሥራ የመሠረቱ ትንንሽ አሳታሚዎች ደነገጡ፤ ተጫዋቾችም በዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ ያላቸውን የደንበኝነት ክፍያ በብዛት ሰረዙ። ኩባንያው በዚያው ወር መጨረሻ ረቂቁን ተወው።

በነሐሴ 2024 ደግሞ ለትምህርት ሰዎች ይበልጥ የሚቀርብ ነገር ደረሰ። የታደሰ እትም ሊወጣ ሲል፣ በአገልግሎቱ ውስጥ በተጫዋቾች መዝገብ ላይ ያሉት የ2014 አስማቶችና ዕቃዎች በአዲሱ ደንብ እንደሚተኩ ተነገረ። ጨዋታውን ከዓመታት በፊት ጀምሮ በመካከል ላይ የነበረ ማኅበር፣ አንድ ቀን ጠዋት ሲነሣ ደንቡ ከእጁ ሥር ተለውጦ ሊያገኘው ነበር ማለት ነው። ተጫዋቾቹ ተቃወሙ፤ ኩባንያው በጥቂት ቀናት ውስጥ ውሳኔውን ቀለበሰ። በወረቀት ዘመን እርማት የሚመጣው በአዲስ እትም ነው፤ አሮጌው በገዛው ሰው እጅ ይቆያል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው እንደሚሻል የሚፈርደውም ዳኛው ነው። አንድ ማዕከል ሁሉንም ቅጂ በአንድ ሌሊት ማረም ሲችል ግን ስሕተት በፍጥነት ይታረማል፤ መምህሩ በመንፈቀ ዓመቱ መካከል ያስተማረበት ገጽም በዚያው ፍጥነት ሊጠፋ ይችላል። የመጀመሪያውን ብቻ የሚቈጥር ዕቅድ ግማሹን ትቶታል።

ማሽኖቹ ራሳቸውም ያረጃሉ። ለአራተኛው እትም በ2008 የተከፈተው ዲ ኤንድ ዲ ኢንሳይደር የተባለው የደንበኞች አገልግሎት የተመሠረተበት ፕሮግራም ጊዜው ስላለፈ በ2020 መጀመሪያ ተዘጋ። በዚያው እትም የታተሙት መጻሕፍት አሁንም ይነበባሉ፤ የ1974ቱም ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት ዳይስና አንድ ዳኛ ከተገኘ ያጫውታሉ። በ2025 ሀዝብሮ ሲጂል የተባለውን ባለ ሦስት ገጽታ ምናባዊ ጠረጴዛ ለሕዝብ ካቀረበ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አብዛኞቹን ሠራተኞቹን አሰናበተ።

የ2023ቱ ውዝግብ ግን አንድ የሚጨበጥ ነገር ትቶ አልፏል። ኩባንያው ያመነትን ሕዝብ ለማረጋጋት ሲል የደንቡን መሠረታዊ ጽሑፍ፣ ከ400 ገጽ በላይ የሚሆነውን፣ ክሪየቲቭ ኮመንስ በተባለ መልሶ ሊነጠቅ በማይችል ፈቃድ ለቀቀው። በሚያዝያ 2025 የታደሰው እትም መሠረታዊ ደንብም በዚሁ ፈቃድ ወጣ። የደራሲዎቹን ስም እስከጠቀሰ ድረስ ማንም ሰው ይህን ጽሑፍ መተርጐም፣ ማሻሻል፣ በወረቀት አትሞም መሸጥ ይችላል።